ከሐዋሳ ሦስት ልጅ ይዘን ውሃ ፓርክና አዲስ አበባ፦ አምስት ቀን ይበቃል?

የሐይቅ_ዳር_እናት
ሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቋ 6 ዓመቷ ነው፣ መሃለኛው 3 ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል፣ ትንሿ 10 ወሯ ነው።

ትልቋ የጎረቤት ስልክ ላይ ቢሾፍቱ ያለውን የኩሪፍቱ ውሃ ፓርክ አየች። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ሰላም የለም። አባቷ ደግሞ ሳያስበው «ለግማሽ ዓመት ዕረፍት እንሄዳለን» አላት። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል፤ ይቺ ልጅ ዕዳዋን በየቀኑ ጠዋት ነው የምትጠይቀው።

አምስት ቀን አለን። አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ። በቀሩት ሦስት ቀናት ውሃ ፓርኩን፣ እንጦጦ ፓርክን፣ አንድነት ፓርክን፣ ወዳጅነት ፓርክንና ሳይንስ ሙዚየምን ለማየት አስበናል። ጊዜ ከተረፈ ቦሌ አካባቢ ያሉ የልጆች መጫወቻዎችም አሉ። መኪናችን ቪትዝ ናት፣ የሚነዳው ባለቤቴ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ አለን፤ ግን ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ ማስቸገር አልፈልግም።

ከትንንሽ ልጆች ጋር የሄዳችሁ ካላችሁ ምከሩኝ። ከየት እንጀምር? ምን እንያዝ? ወይስ ጭራሽ አብጃለሁ?

---

ባለ_ዶልፊን
ሰኞ፣ ማታ 3፡35

በዚህ መንገድ ሰው ስጭን ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ስለ መንገዱ ብቻ ልናገር።

ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ብታድሩ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ይቀንስላችኋል። ለልጅ 45 ኪሎ ሜትር ማለት አንድ ትውከት ማለት ነው። መጀመሪያ ቢሾፍቱ፣ ከዚያ አዲስ አበባ።

አሰልቺው ከሐዋሳ እስከ ባቱ ያለው ነው። ሻሸመኔ ላይ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ በሬው፣ ሰው ሁሉ አንድ ላይ። አርሲ ነገሌም ያው ነው። ከባቱ እስከ ሞጆ ግን የክፍያው ፈጣን መንገድ አለ። እዚያ ከገባችሁ በኋላ ልጅ «ሽንቴ መጣ» ቢል እንደ ድሮው መንገድ ዳር አቁሞ ማውረድ የለም፤ አደጋ ነው። ስለዚህ ባቱ ላይ የግድ ቁሙ። መጣም አልመጣም አሸኗቸው። ዓሣም ትበላላችሁ።

ከ12 ሰዓት በፊት ተነሱ። በጨለማ አትንዱ፤ ከብቱም መብራት የሌለው ጋሪም ድንገት ነው ከፊት የሚመጣው። ልጆቹ መኪና ውስጥ ስልክ እንዳይዙ። አቀርቅረው ሲያዩ ነው የሚያስመልሳቸው። ፌስታል ደግሞ በኪስ ሳይሆን በእጅ ያዙ። ኪስ ውስጥ ያለ ፌስታል በሰዓቱ ወጥቶ አያውቅም።

---

ታቦር_ሥር
ሰኞ፣ ማታ 4፡02

እህቴ፣ እንዳይከፋሽ እንጂ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንጦጦን ምን ያደርግለታል? አሞራ ገደል ውሰጂው። ዓሣ ሲበለት ይይ፣ ጀልባ ላይ ውጡ፣ ጉማሬ ፈልጉ። የአዲስ አበባ ሰው ለሽርሽር እኛ ጋ እየመጣ እኛ ወደዚያ ብር ልንበትን? ታቦር ተራራ ላይ ካይት ይዘሽ ብትወጪ ወጪሽ የሚሪንዳ ብቻ ነው።

---

የሐይቅ_ዳር_እናት
ሰኞ፣ ማታ 4፡20

ታቦር ሥር፣ እውነትህን ነው። ግን የኔ ልጅ ጦጣን የምታያት እንደ ጎረቤት ነው፤ ያውም በየቀኑ ሙዝ እንደምትሰርቅ ጎረቤት። ጉማሬም አይታለች፣ ጀልባም ጠግባለች።

ሌላም ነገር አለ። ሐይቁ ውስጥ እንዲገቡ አልፈቅድም። ቢልሃርዚያ አለ፤ የእህቴ ልጅ ታሞ አይቻለሁ። ስለዚህ ልጆቼ ውሃ ዳር ተወልደው ውሃ ውስጥ ገብተው አያውቁም። ትልቋ «ሐይቅ ለዓሣ ብቻ ነው የተሠራው?» ብላኛለች። ለዚህ ነው ውሃ ፓርኩን እንዲህ የፈለገችው፤ እኔም እምቢ ማለት ያቃተኝ።

---

ሲስተር_የልጆች_ክፍል
ሰኞ፣ ማታ 4፡48

ሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው። ትንሽ ባበዛ ይቅርታ አድርጉልኝ።

መኪናው ላይ ልጀምር። ትንሿን አቅፈሽ የፊት ወንበር ላይ እንዳትቀመጪ። ሁላችንም እንደምናደርገው አውቃለሁ። ግን መኪና በድንገት ሲቆም የእናት ክንድ ልጅ መያዝ አይችልም፤ ጉልበት ያላት እናትም ብትሆን። የልጅ መኪና ወንበር ከዘመድም ቢሆን ተዋሱ። ሁለቱ ትልልቆች ደግሞ ከኋላ፣ ቀበቶ አስረው፤ ለመሃለኛው ግን ቀበቶ ብቻ አይበቃም፣ ለሱም የልጅ ወንበር ቢገኝ።

ውሃውን በተመለከተ፦ ልጅ ሲሰጥም አይጮህም። ፊልም ላይ እንደምናየው እጁን አያወራጭም። ዝም ብሎ ነው የሚሄደው፤ ለዚያም ጉልበት የማይደርስ ውሃ ይበቃዋል። ክንድ ላይ የሚነፋው ፕላስቲክ መጫወቻ ነው፣ አያድንም። መሃለኛው ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ እጅሽን ስትዘረጊ የምትነኪው ቦታ ይሁን።

ብዙ ጊዜ አደጋ የሚደርሰው ደግሞ ሰው ሲበዛ ነው። እናት አባት ያየዋል ትላለች፣ አባት እናት ታየዋለች ይላል። እናንተ በግልጽ ተራ ተካፈሉ። «አሁን እሱን የማየው እኔ ነኝ» ተባባሉ። ተረኛው ስልክ አይነካም።

ለ10 ወሯ ከ10 እና ከ15 ደቂቃ በላይ ውሃ ውስጥ አትቆይ። ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ከተንቀጠቀጠች ወዲያው አውጪና ጠቅልያት። ቢሾፍቱ ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐዩ ይለበልባል። ኮፍያ ያዙ። ኦአርኤስ ሁለት ሦስት ከረጢት ቦርሳ ውስጥ ጣይ። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ያለበት ልጅ ካለ ገንዳ ውስጥ አይገባም፤ ለራሱም ለሰውም።

---

ጾመኛው
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ባለ ዶልፊን ባቱ ላይ ዓሣ ብሉ ያልከው ነገር... ሳምንቱ ነነዌ እንዳይሆን ግን። ዓሣ በጾም አይበላም።

ባለ_ዶልፊን
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡22

እኔ ስበላ ነው ያደግሁት።

ጾመኛው
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡25

አስተዳደግህ ነዋ ችግሩ።

አወያይ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡00

ስለ ዓሣና ጾም ሌላ ክር አለ። 140 መልስ ደርሷል፣ እስካሁን አልተስማሙም። እዚያ ሂዱ።

---

የአዳማው
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ስለ ሶደሬ ማንም አላነሳም! ሞጆ ከደረሳችሁ አዳማ ቅርብ ነው፣ ከአዳማ ሶደሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል። ውሃው ከመሬት የሚወጣ ፍል ውሃ ስለሆነ ልጅ አይበርደውም። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ዋና የተማርነው እዚያ ነው።

ሁለት ነገር ግን ልንገርሽ። አንደኛ፣ አጠገቡ የሚያልፈው አዋሽ ወንዝ ነው፣ አዞ አለበት። ልጆቹ ወደ ወንዙ ዳር ዝር እንዳይሉ። ሁለተኛ፣ ጦጣዎቹ ዚፕ ይከፍታሉ። አልቀለድኩም። የአክስቴን ቦርሳ ከፍታ ድፎ ዳቦውን ብቻ መርጣ የሄደች አለች።

---

ሲስተር_የልጆች_ክፍል
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡50

ለትልቋ ጥሩ ሐሳብ ነው። ለ10 ወሯ ግን ፍል ውሃ አልመክርም። የሕፃን ሰውነት ቶሎ ይግላል። አዳማ አካባቢ የሚያድር ደግሞ አጎበር አይርሳ።

---

የኦርላንዶ_አክስት
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡05

ሰላም የሐዋሳ ልጆች! እኔም ያደግሁት እዚያው ነው። አሁን የምኖረው ኦርላንዶ፣ ለዲዝኒ ወርልድ ቅርብ ነው። ስለዚህ እንግዳ አይጠፋብኝም። ዘመድ ሁሉ «አንቺን ልናይ» እያለ ይመጣል። እኔን ግን ማታ ማታ ብቻ ነው የሚያዩኝ።

ባለፈው ወንድሜ ሦስት ልጆቹን ይዞ መጣ። ዲዝኒ ወርልድ አራት ትልልቅ ፓርኮች አሉት። አራቱንም በአራት ቀን ሊጨርስ አሰበ። አንቺ የጻፍሽውን ዝርዝር ሳይ እሱ ነው የታወሰኝ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ላይ ሦስቱም ልጆች መሬት ላይ ተንከባለሉ። አራተኛው ልጅ ወንድሜ ነበር። ለመንከባለል ምንም አልቀረውም።

እዚህ ብዙ ጊዜ የሚመላለሱ ወላጆችን አየሁ። ጠዋት በር ሲከፈት ይገባሉ። ቀትር ላይ፣ ሰዉ ሲበዛና ሙቀቱ ሲከፋ፣ ወጥተው ልጆቹን ያስተኛሉ። ከቻሉ ማታ ይመለሳሉ። የልጁን እንቅልፍ የዘለለ ሰው ያተረፈ መስሎት ቀኑን ይከስራል።

ሌላው ቁመት ነው። እዚህ ብዙ ጨዋታዎች የቁመት ገደብ አላቸው። በርንስቶርመር የሚባለው ለትንንሾች የተሠራ ባቡር 89 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል። ስፔስ ማውንቴን 112። በሩ ላይ መለኪያ እንጨት ይዘው ይቆማሉ፣ ልመና አይሠራም። አንድ ሰዓት ተሰልፎ እዚያ ጋ ተመለስ የተባለን ልጅ ልቅሶ ሰምቼዋለሁ፤ ለቀብርም እንደዚያ አይለቀስም። አንቺም ትልቋን ቤት በር ላይ ለኪያት። ከዚያ ፓርኩ ጋ ደውለሽ የትኛው መንሸራተቻ ስንት ይጠይቃል በያቸው። ቃል ከመግባትሽ በፊት!

ለትንሽ ልጅ የማይፈቀድ ጨዋታ ሲኖር ደግሞ እዚህ አንዱ ወላጅ ይገባል፣ ሌላው ከትንሹ ጋር ይቆያል። ከዚያ ሳይሰለፉ ይቀያየራሉ። እናንተም ሰልፉ ላይ ያለውን ሰው በትህትና ብትጠይቁት እምቢ የሚል አይመስለኝም። የኛ ሰው ልጅ ላዘለ ሰው ይራራል።

---

የሐይቅ_ዳር_እናት
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ለካኋት። 113 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ወዲህ በቀን ሦስቴ «ለኪኝ» ትላለች። መሃለኛውም «እኔንም» ብሎ ጫማ ላይ ጫማ ደርቦ ቆመ።

---

ስድስት_ኪሎ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00

የአዲስ አበባ ሰው ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ዝርዝርሽን በምሕረት የለሽ ቢላ ልቁረጠው።

እንጦጦ ራሱን የቻለ አንድ ቀን ነው። ሰፊ ነው፣ ዳገት ነው፣ ዛፍ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ የሐዋሳ ልጅ ይበርደዋል፣ ለእናንተም ትንፋሽ ያጥራል። ሹራብ ያዙ፣ ጋቢም አይበዛም። የልጆች መጫወቻ አለ፣ ፈረስ አለ። በገመድ መንሸራተቱ ለትልልቆች ነው። የልጅ ጋሪ አታምጪ። አንቀልባ ያዢ። እኔ በውድ የገዛሁትን ጋሪ እዚያ ዳገት ላይ ተሸክሜው ነው የዋልኩት፤ ልጁን በአንድ እጅ፣ ጋሪውን በሌላው።

አንድነት ፓርክ ቆንጆ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ የተከፈተው የድሮው ቤተ መንግሥት ነው። የምኒልክ የግብር አዳራሽ አለ፣ ጥቁር ጎፈር አንበሶች አሉ። ግን አንበሳ ቀኑን አብዛኛውን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። የኔ ልጅ «ሞቷል?» ብሎ ጠይቆ ወደ አይስክሬሙ ዞረ። አዳራሾቹ ለትልቅ ሰው ናቸው። ታሪክ የሚወድ አባት ካለ ይሂድ፤ መሃለኛው ግን እዚያ የሚፈልገው ነገር መሮጫ ሜዳ ብቻ ነው። መታወቂያ ያዙ፣ ፍተሻ አለ። የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት ሳታረጋግጡ አትሂዱ።

ሳይንስ ሙዚየምን ለሁለት ዓመት አቆይው። 8 ዓመት ሲሞላት ይበልጥ ይገባታል።

በርካሽ ልጅ ማስደሰት ከፈለግሽ ግን ቀላል ባቡሩን አሳፍሪያቸው። ሐዋሳ ባቡር የለም አይደል? እሁድ ረፋድ ላይ፣ ሰው ሳይበዛ። ከመኪና በላይ ድልድይ ላይ ሲሄድ ማየት ለሦስት ዓመት ልጅ ፓርክ ነው።

---

አያት_ነኝ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

ልጄ፣ ስትሄዱ አንድ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። አማትሽም ትሁን እናትሽ። ሁለት ሰው ለሦስት ልጅ አይበቃም። እኛ ስናሳድግ መንደሩ ሁሉ ነበር የሚጠብቀው።

የሐይቅ_ዳር_እናት
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡52

እትዬ፣ እውነትዎን ነው። ግን ቪትዝ ውስጥ አማቴን የት ላስቀምጣቸው? እሳቸው ካሉ ደግሞ ወጥ፣ እንጀራና ቡና ከነረከቦቱ መጫን አለበት።

አያት_ነኝ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡58

ረከቦቱ ከተጫነ እኔም እመጣለሁ።

---

ቆጣቢዋ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡20

ብሩ የሚያልቀው በመግቢያው አይምሰልሽ። ውስጥ ገብቶ በሚበላውና በሚጠጣው ነው። ምግብ ይዞ መግባት ይቻል እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ባይቻል እንኳን ከመግባታችሁ በፊት መኪናው ውስጥ አጥግቢያቸው። በሶ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል። ለትንሿ አጥሚት በፔርሙዝ። በሥራ ቀን ብትሄዱ ሰውም ይቀንሳል።

ቅያሪ ልብስ ለእናንተም ያዙ። ሁሉም እናት ለልጆቿ ሦስት ሦስት ቅያሪ ይዛ ራሷ ረጥባ ነው የምትመለሰው።

---

የሐይቅ_ዳር_እናት
ከ18 ቀን በኋላ፣ እሁድ፣ ማታ 2፡30

ተመልሰናል! ሁላችሁም ጠይቃችሁ ነበር፣ ይቅርታ ዘገየሁ። የልብስ አጠባው ነው ያቆየኝ።

ከ12 ሰዓት በፊት ልንነሳ ነበር፤ የተነሳነው 1 ሰዓት ከሩብ ነው። አርሲ ነገሌ ሳንደርስ መሃለኛው አስመለሰ። ፌስታሉ እጄ ላይ ነበር፣ ባለ ዶልፊን ተባረክ። ሁለተኛው ግን አባቱ ጃኬት ላይ ነው ያረፈው። ባቱ ላይ ቆምን፣ ሁሉንም አሸናን። ዓሣም በላን። ጾም አልነበረም፣ ማንም አይጨቃጨቅ።

የልጅ ወንበሩን ከባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ተዋስን። ትንሿ መጀመሪያ ጮኸች፣ ከሻሸመኔ በኋላ ግን ተኛች። እንዲያውም ከሁላችንም የተመቻት እሷ ናት።

ቢሾፍቱ የያዝነው እንግዳ ማረፊያ በስልክ «ሙቅ ውሃ 24 ሰዓት» ብሎን ነበር። ስንደርስ ሙቅ ውሃው የሚመጣው በባልዲ ነው። ያውም ከተለመነ። ስሙን አልጠራም፤ ግን እናንተ ስትይዙ ፎቶ ብቻ ሳይሆን የቧንቧውን ቪዲዮ ላኩልኝ በሉ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ውሃ ፓርክ ገባን። የቁመቱን ነገር አስቀድመን ስለነገርናት ትልቋ ወደ ትልልቆቹ መንሸራተቻዎች ቀና ብላ አየችና «እነዚህ ለሚቀጥለው ዓመት» ብላ አለፈች። አክስቴ፣ ይህ ያንቺ ነው። መሃለኛው ግን ውሃውን ሲያይ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። ለሃምሳ ደቂቃ ያህል እያለቀሰ ነው የቆየው። ባለቤቴ «ይለምደዋል» ብሎ ሊያስገባው ፈለገ፤ እኔ ተው አልኩት። በመጨረሻ ዳር ላይ ተቀምጦ በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ቀድቶ መልሶ መድፋት ጀመረ። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ያን ሁሉ መንገድ ነድተን፣ ከፍለን፣ ልጄ የሠራው ቤት ውስጥ የምከለክለውን ነገር ነው። ደስታው ግን ልክ አልነበረውም።

ተራችንን ተካፍለን ነበር። «አሁን የኔ ነው» እያልን። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባለቤቴ ፎቶ ሊያነሳ ስልኩን ሲያወጣ፣ ትልቋ ተንሸራታ ውሃ ጠጣች። አጠገቧ ስለነበረ ወዲያው አነሳት። ምንም አልሆነችም። እሱ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ለኔ ሰጠኝ። ሲስተር፣ እግዜር ይስጥሽ።

7 ሰዓት ላይ ወጥተን አስተኛናቸው። እነሱ ሲነሱ እኛ ገና ተኝተን ነበር።

ከዚያ እቅዱ ፈረሰ። ትልቋ «ነገም እዚሁ» አለች። እኛም ተያየን። ሦስተኛውን ቀን እዚያው ዋልን። በአራተኛው ቀን እንጦጦ ብቻ ሄድን፤ ትንሿን በአንቀልባ አዝዬ። ጋቢው ለሁላችንም አልበቃም። ፈረሱ ላይ መሃለኛው «ውረድ» ሲባል እምቢ አለ፣ ይሄ ውሃ የፈራው ልጅ! ባቡሩን ከድልድዩ ሥር ቆመን አየነው፣ አልተሳፈርንም። አንድነት ፓርክን ሳናይ ተመለስን። ባለቤቴ እስካሁን ቅር ብሎታል፤ የምኒልክን አዳራሽ ማየት የፈለገው እሱ ነበርና።

---

ታቦር_ሥር
እሁድ፣ ማታ 3፡05

እንኳን በሰላም ገባችሁ። ታዲያ አሁን ሐይቃችን አስጠላቸው?

---

የሐይቅ_ዳር_እናት
እሁድ፣ ማታ 3፡20

ትናንት ፍቅር ሐይቅ ወስጃቸው ነበር። ትልቋ ዳሩ ላይ ቆማ ውሃውን ብዙ ካየችው በኋላ «እማ፣ የዚያን ገንዳ ሰውዬው በመረብ ያጸዳዋል። ይሄንን ማን ነው የሚያጸዳው?» አለችኝ።

እስካሁን አልመለስኩላትም።